ከድንጋዩ በኋላ የተሰማ ይግባኝ

የብርቅዬ ክንድ የተሰበረው ሴቻ በሚባለው የከተማው ሰፈር፣ ፍርድ ቤቱ በር ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ነው። ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ያመጣት ሚኒባስ አውርዷት፣ የይግባኙን ወረቀት በፌስታል ጠቅልላ ደረቷ ላይ እንደያዘች አስፋልቱን ስትሻገር ካሌብ ከባጃጅ ዘሎ ወረደ። ካሌብ እሷ ትሠራበት የነበረው፣ ጫኖ ያለው የሙዝ ማሸጊያ የጥበቃ ኃላፊ ነው። እጁ ላይ የውኃ ቧንቧ ብረት ይዟል።

"ዛሬ ካላስገባሽ ጊዜው ያልፍብሻል አሉ" አላት። "እንዲያልፍ ተይው።"

"ዞር በልልኝ።"

ክንዷን መታት። አጥንቷ ሲሰበር ድምፁን ሰማችው። ወድቃም ፌስታሉን አልለቅም ስትል ጎኗን ረገጣት፤ ጣቶቿን በተረከዙ አሸ። ያኔ ብርቅዬ እግሩን ያዘችና ጥርሷ ሥጋው ውስጥ እስኪገባ ነከሰችው። ፖሊሶች ሮጠው የወጡት በእሱ ጩኸት ነው። እያነከሰ ባጃጁ ላይ ወጥቶ አመለጠ።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ደሟን አይታ "ኧረ መጀመሪያ ሆስፒታል!" ብትላት፣ "መጀመሪያ ማኅተም" አለቻት።

ነገሩ የጀመረው በምሥጋና እጅ ነው። ምሥጋና ከተራራው መንደር ከኦቾሎ የወረደች ዝምተኛ ሠራተኛ ናት። የሙዝ ማመላለሻው ማሽን ሰንሰለት መከለያው ከወለቀ ሰነባብቶ ነበርና አንድ ጠዋት እጇን እስከ አንጓው ጎትቶ ፈጨው። ሥራ አስኪያጁ ደሙን በውኃ አስጠርጎ ማሽኑ እንዲነሳ አዘዘ። የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ብርቅዬ ግን ኤሌክትሪኩን አጥፍታ ፊቱ ቆመች።

"ሳይከለል ማንም አይነካውም።"

በማግስቱ እሷና የማኅበሩ መሪዎች ተባረሩ። የሥር ፍርድ ቤትም "ሕገ ወጥ የሥራ ማቆም ነው" ብሎ ስንብቱን አጸናው። ጠበቃቸው አቶ ሸዋንዳኝ፣ ከጎንደር መጥተው እዚሁ ያረጁ ሰው፣ ይግባኙን የመሠረቱት በሠራተኛ ሕጉ ላይ ነው፤ ሠራተኛ በማኅበር ሥራው አይሰናበትም፣ አደጋ ካለበት ቦታም ዞር የማለት መብት አለው።

ይግባኙን አስገብታ፣ ክንዷ በጄሶ ታስሮ ሆስፒታል እንደተኛች ሰብሊ የምትባል የሥራ ባልደረባዋ እያለከለከች ገባች።

"አሸናፊ ሰው ሰብስቦ ወደ ማሸጊያው ሄዷል! ቤንዚን ይዘዋል!"

አሸናፊ የማኅበሩ ምክትል ነው፤ ብርቅዬን እንደ ታላቅ እህቱ ያያታል። ብርቅዬ ነርሷን ገፍታ ወጣች።

ስትደርስ በሩ ተገንጥሏል፤ መጋዘኑ እየነደደ ነው። አንድ ሽማግሌ ዘበኛ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ የአሸናፊ ሰዎች በዱላ ይወርዱበታል። አፉ በደም ተሞልቷል፤ እጁን ለመከላከል እንኳ ማንሳት አቅቶታል። ብርቅዬ ሰዎቹን በትከሻዋ እየገፋች ገብታ ላዩ ላይ ቆመች።

"እሱን ገድላችሁ የምን ይግባኝ ነው የማሰማው?"

"እትዬ ብርቅዬ፣ ዞር በይ!" አሸናፊ ድንጋይ የጨበጠ እጁን አነሳ። "እንደ እባብ ቀጥቅጠውሽ!"

"የሰበረኝ እሱ አይደለም!"

ድንጋዩ ከአሸናፊ እጅ ሲወጣ አየችው። ዘበኛውን ሊመታበት ነበር። ቀኝ ዓይኗ ላይ አረፈ።

ጩኸቷ የሰዉን ሁሉ ዱላ ከእጁ አስጣለው። ዘበኛው ተረፈ፤ ዓይኗ ግን ጠፋ። ከተማው "ያው እነ ካሌብ ናቸው ዓይኗን ያፈሰሱት" አለ። ካሌብም ክንዷን በመስበሩ ኋላ ስለተያዘ ወሬው ታመነ። አሸናፊ አላስተባበለም።

ይግባኙ በሚሰማበት ቀን አቶ ሸዋንዳኝ ኮሪደሩ ላይ ያዟት።

"ልጄ፣ ስለ ዓይንሽ እኛ አናነሳም። ሰው ያሰበውን ያስብ።"

ትታቸው ወደ ችሎቱ ገባች።

የድርጅቱ ጠበቃ ተነስቶ እነዚህ ሠራተኞች ወንበዴዎች ናቸው፣ መጋዘን አቃጥለዋል፣ ስንብቱ ይገባቸዋል አለ። ሰብሳቢ ዳኛዋ ወደ ብርቅዬ ዞሩ።

"በእርስዎ ላይ ጉዳቱን ያደረሰው ማነው?"

"ክንዴን የሰበረው የድርጅቱ ጥበቃ ነው፣ ክብርት ዳኛ" አለች። "ዓይኔን ያወጣው የራሳችን ሰው ነው።"

ችሎቱ ተንጫጫ። አሸናፊ አንገቱን ደፋ። የድርጅቱ ጠበቃ "ይኸው! ከራሳቸው አንደበት!" ብሎ ብድግ አለ። አቶ ሸዋንዳኝ ቀስ ብለው ተነሱ።

"ስንብቱ የተሰጠው መቼ ነው? ረብሻው የተነሳውስ? ሰው ገና ባላደረገው ጥፋት ከሥራ ይባረራል ወይ?"

ፍርድ ቤቱ የሥር ፍርድ ቤቱን ውሳኔ ሻረ። ሁሉም ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ፣ ማሽኑም እንዲከለል አዘዘ።

ግቢው ውስጥ እልልታው ሲቀልጥ አሸናፊ እግሯ ላይ ወደቀ።

"እትዬ፣ ግደዪኝ።"

በዳነው ክንዷ በጥፊ መታችው። ደገመችው። አፍንጫው እስኪደማ፣ የእሷም መዳፍ እስኪቃጠል መታችው፤ የገላገለ አልነበረም። ከዚያ ኮሌታውን ይዛ አነሳችው።

"ወደ ፖሊስ ጣቢያ ና። ራስህ ትናገራለህ።"

አብረው ቁልቁል ወረዱ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። የጣቢያው በር ሲዘጋበት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ሰኞ ሥራ ገባች። ግማሹ ሰው አቀፋት። ግማሹ አሸናፊን አሳልፋ ሰጠች ብሎ ሰላምታ ነፈጋት። ምሥጋና ግን በተረፈው እጇ አጠገቧ የነበረውን ሳጥን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠቻት።