ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ጊዜ የነቃችው ሳጥን

ሳጥኗን የሠራኋት እኔ ደመቀች ነኝ፤ ስለዚህ አትሳሳትም። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ይሳቁ። ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ሄጄ አምስት ዓመት ብርድ የጠጣሁት ለዚሁ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ላይ መሥሪያ ቤቴ ከአዲስ አበባ ወደ ገነተ ማርያም ላከኝ። ከአንድ ዓለት የተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን አንዱ ዓምዷ ተሰንጥቆ ነበር። መመሪያው አጭር ነው፤ ዓምዱ በሳምንት ከዐሥር ጊዜ በላይ ከተነቃነቀ ቤተ ክርስቲያኗ እስክትጠገን ትዘጋለች። በዚያ ዘመን "እስክትጠገን" ምን ማለት እንደነበር የኖረበት ያውቀዋል። እኔ ደግሞ የላስታ ልጅ ነኝ፤ ክርስትና የተነሣሁት እዚያችው ነው።

ዓምዱ ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ንቅናቄ የምትሰማ ሴንሰር ሳጣብቅ ቄሰ ገበዙ አባ ገብረመስቀል ከአጠገቤ አልተለዩም። በሩ ሥር ያስቀመጥኳት ሳጥን ቀኑን ሙሉ ዓምዱ ላይ አፍጥጣ ነው ወይ የምትውለው ብለው ጠየቁኝ። እንዲያ ብታደርግ ባትሪዋ በሁለት ቀን ያልቃል፤ ትተኛለች አልኳቸው። ሴንሰሯ ስትነቃነቅ በዚህች ቀጭን ሽቦ አድርጋ ሳጥኗ ውስጥ ካለው ቺፕ እግሮች አንዷን ትነካለች፤ የዚያች እግር ሥራ መቀስቀስ ብቻ ነው። ቺፑ ይነቃል፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዘግባል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሽቦዋ ማንም ሳይነካት በከንቱ እንዳትቀሰቅሰው ደግሞ ሬዚስተር አስሬላታለሁ። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ከእኛ ዘበኛ ትሻላለች" አሉ።

ሳምንቱን ላሊበላ ከርሜ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተመለስኩ። የአውራጃው ካድሬ ጓድ አለነ የመዝጊያውን ደብዳቤ በታይፕ አስመትቶ፣ ማኅተሙን አሳርፎ፣ ፊርማው ብቻ ቀርቶት ደጅ ቆሟል። ሳጥኗን ከፈትኩ። ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ይላል።

አባ ቁጥሩን ሲሰሙ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። "እንግዲህ ከተዘጋች፣ ልጄ፣ እኔ በሕይወቴ ስትከፈት አላይም" አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ጓድ አለነ መጀመሪያ ከበሮውን ጠረጠረ። በዐቢይ ጾም ከበሮ እንደማይመታ ላስታ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነውና ወዲያው ተወው። ቀጥሎ ሽቦሽ ላልቶ ይሆናል አለኝ። ደሜ ፈላ። እዚያው ፊቱ ብየዳውን ሁሉ ጎትቼ አሳየሁት፣ ሬዚስተሩን ለካሁለት፤ አንድም የላላ ነገር የለም።

"እንግዲያው የተነቃነቀው ዓምዱ ነዋ" አለና እስክሪብቶውን አወጣ።

በገዛ እጄ ቤተ ክርስቲያኗን ላስዘጋት ነው። ግን ሳጥኗ አልተሳሳተችም፤ እሱ ላይ ፍንክች አልልም። አንዴ ታገሰኝ አልኩትና ሰዓቶቹን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ። ቅዳሜና እሁድ ሁሉም ጠዋት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ግን ሁሉም ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ። ይህን ሰዓት ከልጅነቴ ጀምሮ ሆዴ ያውቀዋል፤ በዐቢይ ጾም ቅዳሴ የሚወጣበት ነው።

"ጓድ፣ ዓለት ይጾማል እንዴ?" አልኩት።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። ሴንሰሬ ቀይ ከፋይ ለብሳለች። አባ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ዕቃ አቧራ እንዳይጠጣ ብለው ነው ያለበሷት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ከፋይ የለበሰን ነገር ይሳለሙታል እንጂ ምን እንደሆነ አይጠይቁም። እያየናቸው እማሆይ ወለተ ሐና መጡ፤ ግንባራቸውን ከፋዩ ላይ አሳርፈው፣ ሳሙት፣ ሄዱ። በሩ ሥር የሳጥኗ መብራት ብልጭ አለች። ሦስት መቶ ዐሥራ ሦስት። ሳቄ አመለጠኝ፤ አባ ግን አፈሩ።

ጓድ አለነ አልሳቀም። ሁሉም ከቅዳሴ ጋር መግጠሙን ራሴ ካላየሁ ደብዳቤውን አልተውም ብሎ ወረቀቱን ተቀበለኝ። ጣቱ እየወረደ፣ እየወረደ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቆመ። እኔ በጥድፊያ ያቺን መስመር አላየኋትም ነበር። በዚያ ሰዓት ቅዳሴ የለም፤ በሩም ዝግ ነው። ማን ገብቶ ነው ብዬ ወደ አባ ዞርኩ። ቁልፉ በእጃቸው ነው፤ ለማን እንደከፈቱ ያውቃሉ። እሳቸው ግን መሬት መሬት ያያሉ። ጓድ አለነን አየሁት፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል።

"ይህቺ መስመር ትውጣ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ሳጥኔ የጻፈችውን አልሰርዝም።"

ካድሬ ተደብቆ ሲሳለም ከታወቀበት ይባረራል፤ ለእንጀራው ፈርቶ እንደነበር አውቃለሁ፤ አሳዝኖኛልም። ግን ዛሬ አንዷን ብሰርዝለት ነገ ሌላዋን ማን ያምነኛል? እስክሪብቶውን እንደገና አወጣ። ከዚያ ከመስመሯ ጎን "እኔ ነኝ" ብሎ ጻፈና ስሙን አሰፈረ። ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ከፋዩ ተነሥቶ አንድ ሳምንት ይለካ አለ።

በሚቀጥለው እሁድ ሳጥኗ ሁለት አለች። ሁለቱም የዓለቱ የራሱ ናቸው፤ ስንጥቁ አለ፣ አልደበቅሁም፤ ለመዘጋት ግን አያደርስም። ጓድ አለነ ውጤቱን ሊሰማ ሲመጣ ሕዝቡ ገና ከደጀ ሰላሙ አልተበተነም። ቁጥሩን ነገርኩት። ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ አራት ቦታ ቀደደው። ከዚያ ሰው ሁሉ እያየው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ፤ ሊሳለም ገባ።