የዋሱ ሒሳብ

እኔ ዳግመኛ ለሰው ዋስ ላልሆን ምዬ ተገዝቼ ነበር። አዋሽ ሰባት ኪሎ ውስጥ የውሃ አገልግሎቱን የንብረት ክፍል ሠራተኛ ቻላቸውን ብላችሁ ጠይቁ፣ ታሪኬን ከእኔ አሳምረው ይነግሯችኋል። የዛሬ ስድስት ዓመት እስክንድር የሚባል ወዳጄ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሊቀጠር ዋስ ሲያጣ ፈረምኩለት። በእናቱ ማለልኝ፣ በገብርኤል ማለልኝ፣ በልጆቹ ማለልኝ። በዓመቱ የመሥሪያ ቤቱን ብር ይዞ ወደ ጅቡቲ ጥርግ አለ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ ከደመወዜ ሲሶው እየተቆረጠ የእሱን ዕዳ የከፈልኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ አስረሳች የስፌት መኪናዋን ሸጠች። ሰውዬው አንድ ቀን እንኳ ደውሎ እንዴት ነህ አላለኝም።

የመጨረሻው ተቆራጭ አምና ሰኔ ላይ አለቀ። ያን ዕለት አስረሳች "ሁለተኛ ለሰው ፈረምክ ሲባል ብሰማ ቤቱን ትቼልህ ነው የምሄደው" አለችኝ። ስትቀልድና ስታመርር ለይቼ አውቃለሁ፤ ያን ቀን እያመረረች ነበር።

ታዲያ ባለፈው ሰኞ ፅጌረዳ መጣችብኝ። ፅጌረዳ ግቢያችን ውስጥ ክፍል ተከራይታ የምትኖር የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ዲፕሎማ አላት። ሰመራ ሄዳ ዲግሪዋን እንድትማር ተመርጣለች፤ ሦስት ዓመት ደመወዟ እየተከፈላት ትማራለች፣ ስትጨርስ ስድስት ዓመት ታገለግላለች። ሳታገለግል ብትሄድ የወጣባትን ሁሉ ትመልሳለች። እሷ ካልመለሰች ዋሷ ይከፍላል። ዋሱም እንዲሁ ከመንገድ የሚነሳ ሰው አይደለም፤ ደመወዙ ከእሷ የማያንስ፣ ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ መሆን አለበት። ያውም እስከ ዓርብ ሰመራ ድረስ በአካል ቀርቦ መፈረም አለበት። አለዚያ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

"ዘመድ የለሽም እንዴ?" አልኳት፣ እያወቅኩ። እናቷ ሠርካዲስ ጥጥ ለቀማ ብላ ከወሎ መጥታ በዚያው የቀረች የቀን ሠራተኛ ናት። ከዘር ማንዘራቸው የወር ደመወዝ ፔሮል ላይ የፈረመ ሰው ቢኖር ፅጌረዳ ራሷ ናት። የሥራ ባልደረቦቿም እርስ በርስ ዋስ ተጠራርተው አልቀዋል።

በቀጥታ እምቢ ማለት ከበደኝ። ስለዚህ በሒሳብ ላሳፍራት ፈለግኩ። ቧንቧና ቆጣሪ ስቆጥር ሃያ ስድስት ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ፣ በቁጥር ማን ይችለኛል?

"ቁጭ በይ" አልኳት። "ሰመራ ስትሄጂ የአዳር ተረኛ ክፍያሽ ይቀራል። ስንት ነው?"

"ሺህ ስምንት መቶ።"

"የቤት ኪራይ እዚያ ሦስት ሺህ አምስት መቶ። ለፎቶ ኮፒው፣ ለትራንስፖርቱ፣ ለምናምኑ ሺህ ሁለት መቶ በይ። በወር ስድስት ሺህ አምስት መቶ። በሠላሳ ስድስት ወር ሲባዛ ሁለት መቶ ሠላሳ አራት ሺህ ብር። ስትመረቂ ደመወዝሽ ላይ የሚጨመረውስ?"

"ሁለት ሺህ ስድስት መቶ" አለች።

አካፈልኩ። ዘጠና ወር። "ሰባት ዓመት ተኩል! ያወጣሽውን ለመመለስ ብቻ። ትርፉ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። አንቺ ልጅ፣ ይሄ ያዋጣል?"

ተሸንፋ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን አይታ "እኔም ስሠራው ዘጠና ወር ነው የመጣልኝ" አለችኝ። "ግን ጋሼ፣ እኔ መርፌ አያያዝ ያለማመድኩት ልጅ ዲግሪ ስላለው ዛሬ አለቃዬ ነው። ነገም ሌላ ይመጣል፣ አለማምደዋለሁ፣ አለቃዬ ይሆናል። ስምንት ዓመት ሠራሁ፣ ካሁን በኋላ እዚያው ነው የምቀረው። ይሄንን የት ላይ እንደምደምረው አላወቅኩም።"

እኔም አላወቅኩም። ይልቅ ወደ ራሴ ሒሳብ ዞርኩ። ሰመራ ያሉት የእርዳታ ድርጅቶች ለዲግሪ ነርስ ሃያ አምስት ሺህ ይከፍላሉ ሲባል እሰማለሁ። እንዲያ ከሆነ ዲግሪው በዓመት ከምናምን ራሱን ይመልሳል። ግን ድርጅት ገባች ማለት ግዴታዋን ጣለች ማለት ነው። መንግሥት ቤት ከቀረች እሷን አያዋጣም፤ ከሄደች ደግሞ የሚወጣባት ሦስት መቶ ሃያ ሺህ ብር እኔ ላይ ይወድቃል። ከስምንት ሺህ አራት መቶ ብር ደመወዜ ሲሶው ቢቆረጥ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ይፈጃል፤ እኔ ጡረታ ልወጣ የቀረኝ ስምንት ነው። ዕዳው ጡረታዬ ውስጥ ተከትሎኝ ሊገባ ነው እኮ።

"ዲግሪው አንቺን ካዋጣሽ እኔን ይገለኛል" አልኳት። "አልችልም፣ ልጄ።"

"እሺ ጋሼ" ብላ ወረቀቷን አጣጥፋ ሄደች።

ብታኮርፍ እኮ ይቀለኝ ነበር። ሐሙስ አመሻሽ ላይ እንደ ወትሮዋ የግፊት መለኪያዋን ይዛ መጥታ የአስረሳችን ክንድ ጠቅልላ ለካች። ጨው እንድትቀንስ ነገረቻት፣ መድኃኒቷን ቆጠረችላት፣ ስለ ዓርብ ትንፍሽ አላለችም። ደህና እደሩ ብላ ስትወጣ እንደ ሁልጊዜው ፈገግ አለች። አንጀቴን በላችው። እኔ ደግሞ ያን ዕለት ከቀትር በፊት ከመሥሪያ ቤቴ የዋስትና ደብዳቤ አስጽፌ ኪሴ ከትቼ ነበር። ለምን አስጻፍከው ብትሉኝ፣ ለማንኛውም ብዬ ነው።

አስረሳችን ለመሥሪያ ቤት የውሃ ቆጣሪ ላመጣ ሰመራ እሄዳለሁ ብዬ ዋሸኋት። ዓርብ ንጋት ላይ የፅጌረዳን በር አንኳኩቼ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አብረን ሚኒባስ ተሳፈርን። "እስካሁን አልወሰንኩም፣ እንዳትደሰቺ" አልኳት። እሺ አለች። ገዋኔን አለፍን፣ ሚሌን አለፍን።

ሰባት ሰዓት ላይ ሰመራ ስንደርስ ቢሮው ለጁምዓ ተዘግቷል። እስከ ሰባት ተኩል አይከፈትም። አጥሩ የሚጥላት አንዲት ቀጭን ጥላ ነበረች፣ እሷ ውስጥ ቆምን። ከአስፋልቱ የሚነሳው ወላፈን ዓይን ያቃጥላል።

"ማዪልኝ" አልኳት። "እንደማትሄጂ በእናትሽ ማዪልኝና ልፈርም።"

ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

"አልምልም ጋሼ" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። "ሰባት ሰዓት ሙሉ ከነወገቤ ተንቀጥቅጬ የመጣሁት ይሄን ልሰማ ነው? ልትሄጂ አስበሻል ማለት ነው።"

"ዛሬ አላሰብኩም። የዛሬ አራት ዓመት ግን እናቴ ብትታመም፣ አንዱ ድርጅት ነይ ግቢ ሃያ አምስት ሺህ ልክፈልሽ ቢለኝ፣ እምቢ ማለቴን በምን አውቃለሁ? የማላውቀውን ብምልልዎት መዋሸት ነው።" ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ። "ይሄን ግን ይዩልኝ።"

ሒሳብ ነው። ሰኞ እኔ የሠራሁት ሁሉ አለበት፤ ኪራዩም፣ የተረኛ ክፍያውም። ከታች ግን እኔ ያልጻፍኩት ተጨምሯል። "ከሄድኩ፤ የጋሽ ቻላቸው ዕዳ 320,000። በወር 16,000 በሃያ ወር። ከቤት ኪራይ በፊት፣ ለእማዬ ከመላክ በፊት።" ሥሩ ላይ ደግሞ "ይሄ እስኪያልቅ ዲግሪው አላተረፈም" ይላል።

ፀሐዩ ስክሪኑን አላሳይ ስላለኝ በእጄ ጋርጄ ደግሜ አነበብኩት። እስክንድር ያን ሁሉ ሲምልልኝ፣ ወጪና ገቢውን ሲያሰላ፣ እኔ የትኛውም መሥመር ላይ አልነበርኩም። አራት ዓመት ያንገበገበኝ ብሩ ይመስለኝ ነበር። ብሩ አልነበረም። የሰውዬው ሒሳብ ውስጥ አለመኖሬ ነበር። እንባዬ መጣ፣ ላብ አስመስዬ ጠረግኩት።

ኢስማኤል የሚባለው የቢሮው ሠራተኛ ከመስጊድ ተመልሶ በሩን ከፈተልን። ጨዋ ሰው ነው። ደብዳቤዬን አየ፣ የዋስትናውን አንቀጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልኝና "አባቴ፣ ገብቶዎታል አይደል? እሷ ግዴታዋን ብታቋርጥ እርስዎ ነዎት" አለኝ።

"ከማንም በላይ ገብቶኛል" አልኩትና ፈረምኩ።

ወጥቼ ለአስረሳች ደወልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ስለ ቆጣሪ ማውራት እችል ነበር፣ ግን አልሆነልኝም።

"ፅጌረዳ አብራኝ ናት" አልኳት።

"አውቃለሁ። ክፍሏ ከማለዳ ጀምሮ ቁልፍ ነው። ፈረምክ?"

"ፈረምኩ።"

"ምላልሃለች?"

"አልምልም አለች። ልሄድም እችላለሁ አለችኝ።" ስለ ስልኩ ሒሳብ፣ ከእናቷ አስቀድማ እኔን ስለ መጻፏ እየተንተባተብኩ ነገርኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ።

"አለሁ" አለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል። "ክፍሏን አላከራየውም። በዕረፍት ስትመጣ የት ልታርፍ ነው?"

"ሦስት ዓመት ሙሉ? ኪራዩስ?"

"የዘጠኝ ዓመት ግዴታ ስትፈርም ያልጠየቅከኝ ሰውዬ፣ አሁን ስለ ኪራይ ትጠይቀኛለህ?" ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ፅጌረዳ ከአጥሩ ሥር ቆማ ፊቴን ታያለች። ሰኞም፣ ሐሙስም፣ መንገድ ላይም ያላየሁባትን ፍርሃት አሁን አየሁባት።

"እትዬ ምን አሉ?" አለችኝ።

"ምሳ አብላት ብላለች" አልኳት።