የእማማ ቹ መድን

ስሙኝማ፣ መኪና ያላችሁም የሌላችሁም። እዚህ ኮሪያ በሐምሌ ሙቀት ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ነድታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሦስት አሮጊቶች ጭኜ ነድቻለሁ።

መኪናዬ ያገለገለች ነች፤ ከሰው እጅ ነው የገዛኋት፣ ሃያ አንድ ዓመት ሞልቷታል። ስትሮጥ ደህና ነች። ከንጋት ጸሎት ስንመለስ ግን፣ ጁሙንጂን ወደብ የዓሣ ገበያው ጋ ለዓሣው በረዶ የሚጭኑት መኪኖች መንገድ ዘግተው ሲያቆሙን፣ የሙቀት መለኪያው ቀስ እያለ ወደ ቀዩ ይወጣል። አንድ የታክሲ ሹፌር «ማሞቂያውን ክፈቺው፣ የሞተሩን ሙቀት ይስብልሻል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሳበው። የሳበው ወደ እኛ ነው እንጂ። ከኋላ የሚቀመጡት ሁለቱ እህትማማቾች እንደ ድንች ተቀቀሉ። ከፊት እማማ ቹ መሐረባቸውን እየጨመቁ መዝሙራቸውን ይቀጥላሉ።

ልጄ ሳንግዱ ለእረፍት ከሴኡል መጥቶ ይሄን አየ።

«እማዬ፣ በቃ። አሮጌ ብረት ገዢው ቅዳሜ መጥቶ እንዲወስዳት ነግሬዋለሁ።»

«በማን ፈቃድ?»

«ስድሳ ሰባት ዓመትሽ ነው እኮ። እሷ ደግሞ በመኪና ዕድሜ ካንቺ ትበልጣለች።»

ጸሎታችን የሚጀመረው ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ነው። የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚመጣው አስራ ሁለት ተኩል፣ ፓስተሩ ቁርሱን በልቶ ከጨረሰ በኋላ። መኪናዋ ከሄደች እነዚህ ሴቶች የቤተ ክርስቲያኑን ዳገት በእግራቸው አይወጡትም። እማማ ቹ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱም ጉልበታቸው በኦፕራሲዮን ተቀይሯል። እና ቅዳሜ ሳይደርስ መኪናዋ መዳን አለባት።

ሐሙስ መካኒኩ ባንግ ጋ ወሰድኳት። ሳንግዱ ተከተለኝ። እማማ ቹም «ብቻዋን አልተዋትም» ብለው መጡ፣ የተቀቀለ በቆሎ ይዘው።

«እትዬ፣ በጸሎት አልሆነም?» አለኝ ባንግ። እሱ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ለሠርግ ምሳ ብቻ ነው።

«ጸሎቱን እኔ ጨርሻለሁ፤ አንተ ያንተን ሥራ።»

ኮፈኑን ከፈተ። ውሃው ሙሉ ነው። ሞተሩን አስነስቶ ጠበቅን። ሙቀቱ ወጣ፤ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋን ዝም። ኤሲውን ከፈተ፤ ያኔ እንኳ መዞር ነበረበት፣ ዝም። የፊውዝ ሳጥኑን ከፍቶ አንዱን መዝዞ ወደ ብርሃን ያዘው። ተቃጥሏል። አዲስ ሰካ። ኤሲውን ሲከፍት፣ ጠጭ! እሱም ሄደ።

«ሽቦዋ ሁሉ አርጅቷል ማለት ነው» አለ ሳንግዱ ደስ ብሎት።

«አንተ ኮምፒውተርህ ጋ ስትመለስ ትናገራለህ» አለው ባንግ። በልቤ ባረክሁት።

የፋኑን ሪሌ፣ ኤሌክትሪኩን የምታበራና የምታጠፋለትን ትንሽ ሳጥን፣ ነቅሎ በቦታው የመብራቱን ሪሌ ሰካ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። አሁንም ጠጭ! ቀጥሎ የፋኑን ሶኬት ነቀለና ሌላ ፊውዝ ሰካ። ይሄኛው አልተቃጠለም።

«ሽቦው ጤነኛ ነው። በሽታው ያለው እዛው ፋኑ ላይ ነው።»

ሞተሩን አጠፋና ፋኑን በእጁ ሊያዞረው ሞከረ። ንቅንቅ የለም። የእጅ ባትሪ አብርቶ አጎነበሰ። ብዙ ቆየ። ከዛ እጁን ከራዲያተሩ ኋላ ከትቶ ሳበ፣ ሳበ... አፉን የከፈተ ደረቅ ዓሣ አወጣ።

የተጠመጠመበት ነጭ ክር ተፈትቶ የፋኑ ዘንግ ላይ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሏል።

አደጋ እንዳይደርስባቸው ብለው ዓሣ በክር ጠምጥመው መኪና ውስጥ የሚያስቀምጡትን አውቃለሁ። የሰፈሬ ግማሽ ያደርገዋል። ግን እኔ? በሴቶች ጉባኤ «ይሄን ነገር ተዉ» እያልኩ የማስተምር ሴትዮ? ፊቴ በርበሬ መሰለ።

«እትዬ፣ በሁለት በኩል ነበር ለካ የምትጠበቂው!»

«በኢየሱስ ስም! የኔ አይደለም! የድሮው ባለቤት ይሆናል።»

«ከገዛሻት ስድስት ዓመትሽ አይደል? ይሄ ክር እኮ ገና አልጠቆረም። ሁለት ወር ቢሆነው ነው» አለ ባንግ።

«አሃ! ድመቶቹ!» አለ ሳንግዱ። እውነትም የሰፈሩ ድመት ሁሉ ጠዋት ጠዋት ኮፈኔ ላይ ይሰበሰብ ነበር። እኔ ሙቀቱን ወደው መስሎኝ።

ዞር ብዬ አየሁት። «አንተ ነህ!»

«እኔ? ትጣል የምል ሰው መድን እገባላታለሁ?»

ይሄኔ ነው የበቆሎው ድምፅ መቆሙን ያስተዋልኩት። ጠንቋይ ቤት የሄደችን ሴት ስሟን ጠርተው የሚገሥጹት እማማ ቹ፣ በቆሎውን ከከንፈራቸው ሳያነሡ መሬት መሬት ያያሉ።

«እማማ! እርስዎ? ኮፈኑን መቼ ከፈቱት?»

«መነጽርሽን ረስተሽ ስትመለሺ። ሁልጊዜ ትረሺ የለ?»

«እግዚአብሔር አይበቃንም?»

«እሱማ ይበቃል!» ተቆጡ። «እሱን መች ተጠራጠርኩ? የተጠራጠርኩት ያንቺን አነዳድ ነው። የባሕሩን ዳር ኩርባ ስትዞሪ ዐይንሽን ጨፍነሽ አሜን ትያለሽ!»

ባንግ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳንግዱ ግን አልሳቀም።

«እማዬ፣ እውነት ነው?»

«አጭር አሜን ነች» አልኩት።

«እንግዲያው ችግሩ ፋኑ አይደለም። ትሂድ።» ስልኩን አወጣ።

እማማ ቹ በነዚያ ጉልበቶች ብድግ አሉ። «አስቀምጥ! ማን ነው ነገ ዳገቱን የሚያወጣኝ፣ አንተ? ከሴኡል እየተመላለስክ? እኔ ዓሣ ያስቀመጥኩት ከሷ ጋ መሄድ ስለምፈልግ ነው። ባልፈልግ ቤቴ እተኛ ነበር!»

ሳንግዱ ስልኩን ኪሱ መለሰ። «ነገ አብሬያችሁ ልሂድና ልየው» አለ።

የፋኑ ሞተር ክሩን ሲታገል ተቃጥሎ ስለነበር፣ ባንግ ከተጣለ መኪና የነቀለውን ገጠመልኝ። ዓርብ ሳንግዱ ከኋላ ሁለቱ እህትማማቾች መሃል ተጨናንቆ ተቀመጠ። ኩርባው ጋ ዐይኔን እንባ እስኪመጣ ከፍቼ አሜን አልኩ። ስንመለስ ከበረዶ መኪና ኋላ ቆምን። መለኪያው ትንሽ ወጣ። ከዛ ከፊት ፋኑ ሁሁሁ ብሎ ተነሣ፣ መለኪያውም ወረደ። እህትማማቾቹ አጨበጨቡ።

ሳንግዱ እዛው ሆኖ ብረት ገዢው ጋ ደወለ። «ነገ እንዳትመጣ።» ከዛ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ «እማማ ቹ፣ ፍጥነቱን እርስዎ ይቆጣጠሩልኝ» አለ።

ምነው ባላለ! አሁን ከአርባ ካለፍኩ ጭኔን ይቆነጥጡኛል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በባሕሩ ዳር መንገድ የምታልፉ ሁሉ፣ ከፊታችሁ አራት አሮጊቶች ያሉባት ነጭ መኪና ስትንፏቀቅ ካያችሁ፣ እባካችሁ ክላክስ አታድርጉብን።