የኮረብታው አበባ ዘር

«ማቀዝቀዣው ውስጥ የነበረው ቆርቆሮስ?» አለ አጎቷ ቬርኖን።

አርዲስ ሾርባውን ማማሰሏን አላቆመችም። «የቱ ቆርቆሮ?»

«የቡናው ነዋ! እናትሽ የአበባውን ዘር የምታስቀምጥበት።»

«እኔ እንጃ፣ አጎቴ።»

ውሸቷን ነው። ቆርቆሮው መኪናዋ ውስጥ፣ በካፖርት ተጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ተደብቋል። የእናቷ የሎሬታ አስከሬን የኮከብ ጥለት ያለው ብርድ ልብስ ለብሶ የመንደሩ አዳራሽ መሃል ተኝቷል። ነገ ከቀብር በኋላ ንብረቷ ሁሉ ለለቀስተኛው ይታደላል። በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ በላኮታዎች ዘንድ የሟች ዕቃ አይቀርም፤ የሚያስቀር ሰው የሟችን ነፍስ መንገድ ላይ ይዞ እንዳስቆመ ይቆጠራል። አርዲስ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ቆርቆሮውን ግን አልሰጥም ብላለች።

ዳቦ የሚጠብሱት ሴቶች ጥግ ይዘው ያንሾካሹካሉ።

«እንባ የሚባል አልወጣትም እኮ።»

«የኮረብታውን አበባ ሥር ስታኝክ ነው የዋለችው። ጥርሷን ይሆናል።»

«ምላስ ሲያደነዝዝ አውቃለሁ። ዓይንም ያደነዝዛል እንዴ?»

ሳቃቸውን በመሃረባቸው አፈኑት። አርዲስ ሰምታለች፤ አልከፋትም። ጥርሷን አላመማትም። ሥሩን የምታኝከው የእናቷ አፍ ሁልጊዜ እሱን እሱን ይሸት ስለነበር ነው።

ሎሬታ ለስላሳ ሴት አልነበረችም። ልጇን ወደ ኮረብታው ስትወስዳት ቀድማ ለተክሉ ስጦታ ትንባሆ ቆንጥራ መሬት ላይ ታኖራለች፣ ትልቁን ተክል ሰላም ብላ ታልፈዋለች፣ ከዚያ ሌላውን ትቆፍራለች። ሥሩን ካወጣች በኋላ የደረቀውን እሾሃማ ራስ በመዳፏ ፈርክሳ ዘሩን እዚያው ጉድጓድ ትጥልና አፈር ትመልሳለች።

«ወፎቹ ይበሉታል» ብላት ነበር አርዲስ አንድ ቀን።

«ይብሉ! ወፍ አይርበውም ያለሽ ማነው? ጉድጓድ ክፍቱን ትተሽ እንዳትሄጂ ብቻ።»

ክፍቱን ትቶ የሄደው የአክስቷ ልጅ ዴልበርት ነው። ሥር ገዢዎች መኪና ይዘው በመጡበት በጋ ኮረብታውን አንድም ሥር ሳያስቀር ቆፍሮ ሸጠ። የሎሬታ ባዝራ ካንዱ ጉድጓድ ገብታ እግሯ ተሰበረ፤ ሎሬታ ራሷ ተኩሳ ገደለቻት። ለዴልበርት አንድ ቃል አልተናገረችም። ከአጥሩ ሥር ከተረፉት ጥቂት አበቦች ዘር እየለቀመች በየዓመቱ በረዶ ሳይወርድ ትዘራ ጀመር፤ ዘሩ የክረምት ብርድ ካልመታው አይነቃምና። ኮረብታው ዛሬም ግማሹ ራቁቱን ነው።

ዴልበርት ከሰዓት በኋላ መጣ። አስከሬኑ አጠገብ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ ከዚያ ወደ ሾርባው ድስት ሄደ። አርዲስ ሳታየው ቀዳችለት። እሱ ግን ሳህኑን አልተቀበላትም።

«አካፋ ይዤ መጥቻለሁ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መቃብሯን ልቆፍር? ቬርኖን አንቺን ጠይቅ አለኝ።»

«መቆፈሩንማ ታውቅበታለህ።»

አንዷ ሴት ሳቋ አመለጣት። ዴልበርት ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ይኼኛውን እደፍነዋለሁ» አለ።

አርዲስ ሳህኑን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። «ብላና ሂድ እንግዲህ።»

በማግሥቱ ሎሬታን ቀበሯት። ሌሎቹ አካፋቸውን ጥለው ወደ አዳራሹ ሲመለሱ ዴልበርት ቀረ። አርዲስ ከመኪናዋ ሆና አየችው፤ አፈሩን ከሞላ በኋላ ተንበርክኮ ጓሉን በእጁ እየፈረከሰ ያስተካክላል። እንባዋ ያኔ መጣ። ተናደደችበት፣ በመዳፏ ጠረገችው፣ አልቆም አላት።

አዳራሹ ውስጥ ብርድ ልብሱም፣ ድስቱም፣ የሎሬታ ጫማ ሳይቀር ለሰው ከተሰጠ በኋላ አርዲስ ወጥታ ቆርቆሮውን ከመኪናዋ ይዛ ተመለሰች። ቬርኖን ቆርቆሮውን አየና ወደ መስኮቱ ዞረ። አርዲስ ክዳኑን ከፍታ እጇን ዘሩ ውስጥ ነከረች፣ አወጣች፣ ከደነችው።

«ዴልበርት!»

እየፈራ መጣ። ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ተቀበላት።

«መቼ ነው የሚዘራው?»

«በረዶ ሳይወርድ። ነገ ብትጀምር ነው።»

ሊሄድ ሲል «ቆይ» አለችው። እርጥብ መዳፏ ላይ አንዲት ዘር ተጣብቃ ቀርታለች። ማንም አላየም፤ ጣቷን ብታጥፍ የእሷ ናት። ትንሽ አየቻት። ከዚያ ቆርቆሮውን እሱ እጅ ላይ እንዳለ ከፈተችውና ዘሯን በጥፍሯ አንስታ ጨመረቻት።