ባህረዲን ምን ምን ይፈራል

«ሰአዳ አባረረችህ እንዴ?» አልኩት።

ምን ላድርግ፤ ጎረቤቴ ባህረዲን የሁለተኛ ፎቅ ደረጃችን ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ በአንሶላ የታሰረ ትልቅ ሸክም አለ፤ ፊቱ ሚስቱ የፈታችው ሰው ፊት ነው።

«እየወጣሁ ነው እኮ» አለ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «ጨርቅ ነው፤ ከሱቅ ያመጣሁት።»

ያኔ ገባኝ። ባለፈው ወር ከእሱ ተራ ጀርባ ያሉ ሱቆች ተቃጥለዋል። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ሰላም የለውም። አመሻሽ ላይ ጥሩ ጥሩውን ጣቃ ከመርካቶ እስከ አብነት ተሸክሞ ያመጣል፤ ጠዋት ለቀኑ የሚበቃውን ብቻ መልሶ ይወስዳል። ለተሸካሚ አይሰጥም። «ተሸካሚ ካወቀ ተራው ሁሉ ያውቃል፤ ፈሪ ይሉኛል» ባይ ነው።

ችግሩ ቡአ አለበት። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳያነሳ ከልክሎታል፤ አንጀቱ ከታነቀ ለሕይወቱ እንደሚያሰጋም ነግሮታል። ለኦፕራሲዮን ሁለት ጊዜ ተቀጥሮ ሁለቱንም ጊዜ ቀረ። ሦስተኛው ቀጠሮ ነገ ነው።

ሸክሙን ተቀበልኩትና እየተጎተትን አራተኛ ፎቅ ወጣን። ሰአዳ በሩን ከፍታ በአገጯ ወደ ማዕድ ቤት አሳየችኝ። ጣቃው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። አጠገቡ ቡታጋዙ ላይ ሾርባ ይንተከተካል።

«ባህረዲን፣ ሱቅህ ውስጥ ምድጃ አለ?»

«የለም። ምነው?»

«አይ፣ እንዲያው ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ልጁ ኢክራ ሳቀች። ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ነው የምትማረው። «ጋሼ ቦጋለ፣ ሰው የሚፈራው በዓይኑ ያየውን፣ ሁሉም የሚያወራለትን ነገር ነው» አለችኝ። «እሳቱን ተራው በሙሉ አይቶታል። የአባዬን ሆድ ማን አየው?»

«ማንም እንዲያየው አልፈልግም!» አለ ባህረዲን። «ደግሞ ቢላዋውን ፈርቼ እንዳይመስላችሁ። ሐኪሙ ሦስት ሳምንት ሥራ የለም አለኝ። ቤት ቁጭ ብዬ አብዳለሁ።»

«ከድሮው ቤት ስንነሳም በሳምንት እሞታለሁ ብለህ ነበር» አለችው ኢክራ።

ለዚህስ እኔም ምስክር ነኝ። እዚህ ኮንዶሚኒየም በገባን በወሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ ቁም ስቅላችንን ያሳየን ጀመር። ኢክራ እንደምትለው ሰው ነገ የሚሰማውን ሲገምት ያጋንነዋል፤ እንደሚለምደው አይታየውም። እኔ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ እዚያ ምዕራፍ አልደረስኩም። ግን ጥርሴን ለማስነቀል ሁለት ዓመት ፈርቼ፣ በተነቀለ በሳምንቱ ቆሎ ስቆረጥም ነበር።

ባህረዲን ደክሞታል። ሆዱን ይዞ ሶፋው ላይ ጋደም አለ።

«እሺ፣ ሄድኩ እንበል» አለ ጣሪያውን እያየ። «ሦስት ሳምንት! ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ። በአላህ፣ ይሄን የሚችል ጤነኛ ሰው አለ?»

ሰአዳ የቀጠሮ ወረቀቱን ከቁም ሳጥን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንወጣለን» አለች። «ቤት ስትውል ማናችን እንደምናብድ እዚያው እናየዋለን።»