ጥር ላይ ከሰማይ የታየው ቢጫ ሣር

የጓሳ ጥብቅ የሣር መሬት ጠባቂ ነኝ። ሣሩ በተከለለበት ጊዜ ሰው ማጭድ ይዞ፣ ከብትም ለግጦሽ እንዳይገባ በእግሬ እየዞርኩ እጠብቃለሁ። ደንባችን የታወቀ ነው፤ የተከለለ ሣር ያስበላ ጠባቂ ከሥራው ይነሣል። በ2013 ሚያዝያ እኔም ለመነሣት ተቃርቤ ነበር።

አንድ ቀን ሣሩን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ተሰብስቦ ሳለ እስከዳር የምትባል የግብርና ባለሙያ ከመሐል ሜዳ መጣች። የአገራችን የመጀመሪያዋ ሳተላይት በዚያው ዓመት ጥር ላይ ያነሣችውን የጓሳ ምስል በትልቅ ወረቀት አሳትማ ይዛለች። የኮሚቴው ሽማግሌዎች ከበቧት። ደስ ብሏቸው ገደሉንና መንገዱን በጣታቸው ይፈልጉ ጀመር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አቶ ጫኔ፣ ግን ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አቆሙ። በአረንጓዴው መካከል ረጅም ቢጫ መስመር ይታያል።

«ይኼ በከብት የተጋጠ ነው። ሀዲስ፣ ይኼ ያንተ ክልል አይደለም?»

«ነው» አልኩ።

«የማንን ከብት ነው ያስገባኸው? ዝምታህ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ለካ ከባለከብቶቹ ጋር ተስማምተህ ነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሄዶ ማየት አይቻልም፤ በልጉ ዘንቦ ሣሩ ሁሉ ለምልሟል። ሊቀ መንበሩ አቶ አትናቴዎስ መልስ እንድሰጥ ጠየቁኝ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ወደ ወረቀቱ ቀርቤ ለእስከዳር ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገርኩ።

«ቢጫው ከዝቅታው አይወጣም። ከብት ቢሆን ዳገቱንም ይግጥ ነበር። ጥር ላይ ብርዱ ወደ ዝቅታው ይወርዳል፤ ሣሩን የሚያቃጥለው አመዳይ ነው። ጠዋት ጠዋት ነጭ ሆኖ አገኘዋለሁ።»

«ጮክ በል» አሉ አቶ አትናቴዎስ።

ደገምኩት። እስከዳር ምስሉን ትክ ብላ አየችና ኮምፒዩተሯን ከፈተች።

«ሳተላይቷ በተላከች በወሩ፣ አምና ጥር ላይ የተነሣም አለ» አለች።

ያው ቢጫ መስመር በዚያው ዝቅታ ላይ ተጋድሟል።

«አምና ጥር ጠባቂው ማን ነበር?» አለች።

ሁሉም ወደ አቶ ጫኔ ዞሩ። እኔ የተቀጠርኩት ከዚያ በኋላ ሰኔ ላይ፣ አቶ ጫኔ ጉልበታቸውን አሟቸው ሥራውን ሲተዉ ነው።

«ጫኔ፣ አንተ የማንን ከብት ነበር ያስገባኸው?» አሉ አቶ አትናቴዎስ።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አቶ ጫኔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አመዳይ ነው እንጂ። ያን ዝቅታ እኔ አጥቼው ነው?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አስቀይሜሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኳቸው።

ኮሚቴው በሥራዬ እንድቀጥል ወሰነ። ውጪ ላይ እስከዳርን አመሰገንኳት።

«እኔ ወረቀት ነው ያመጣሁት» አለች። «ምስሉን ከሳተላይቷ የሚቀበሉት እንጦጦ ጣቢያ ያሉ ልጆች ናቸው። አንዱን አውቀዋለሁ።»

ሳልዘጋጅ ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ። አንድ ወጣት «ሃሎ» አለ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኩት።

«ለምኑ ነው?»

«ሣሩን አምናም ዘንድሮም ስላያችሁልኝ። ከሥራዬ ልነሣ ነበር።»



«ከየት ነው የምትደውለው?»

«ከጓሳ።»

«ከጓሳ? በዚያ በኩል ስናነሣ ብዙ ጊዜ ደመና ይከለክለናል» አለ። «አሁን እንዴት ነው?»

ቀና ብዬ ዙሪያውን አየሁ።

«ጥርት ብሏል» አልኩት። «አሁን ብታነሡ ጥሩ ነው።»