ባሕር የሌለው ወደብ

ወይዘሮ ዓለምጌጥ የሦስት ቀን ዕረፍት ያገኙት ሱፐርቫይዘራቸውን ከፋሲካ በፊት ጀምረው ነዝንዘው ነው። አሜሪካ፣ አንድ ኤርፖርት ውስጥ፣ የአውሮፕላን ምግብ የሚዘጋጅበት ኩሽና ነው የሚሠሩት። ዕረፍቱን የፈለጉት ለሌላ ለምንም አልነበረም፤ አርሊንግተን ካለው የመዝናኛ ፓርክ ገብተው ትልቁን ባቡር ለመሳፈር ነው። ያንን ሐዲዱ ሽቅብ ወደ ሰማይ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወረውን፣ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ የሚጮኽበትን። በሀይዌዩ ባለፉ ቁጥር ከሩቅ ሲያዩት ኖረዋል። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸው አልፎ አልፎ ይጠዘጥዛቸዋል፤ ከፍታ ግን ሲፈጥራቸውም አይፈሩም።

ሳክሲ የምትባል ከተማ ውስጥ የሚኖሩት ከልጃቸው ከዮኒ፣ ከሚስቱ ከሔለንና አሥራ አንድ ዓመት ከሞላት የልጅ ልጃቸው ከዜማ ጋር ነው። ከቤታቸው እስከ ፓርኩ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ዮኒ ግን፣ "ቤት እያደሩ ቬኬሽን የለም" ብሎ አርሊንግተን ሆቴል ያዘ፤ የሁለት ቀን የፓርክ ቲኬትም ገዛ።

የመጀመሪያው ቀን በሰልፍና በፀሐይ አለቀ። ወይዘሮ ዓለምጌጥና ዜማ ለትልቁ ባቡር ተሰልፈው፣ ከፊታቸው ጥቂት ሰው ሲቀር ሰማዩ ጠቆረና መብረቅ ብልጭ አለ። ባቡሩም ተዘጋ። ዜማ ልታለቅስ ደረሰች።

"ነገ የመጀመሪያዎቹ ሆነን እንገባለን፤ አንቺና እኔ ከፊት ወንበር" አሏት አያቷ፤ እጅ ለእጅ ተመታተው ተማማሉ።

ማታ ሆቴል ክፍል ውስጥ እግራቸውን ዘርግተው ሳለ ሔለን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰባት ዓመቷ ሳለ መጥታ እዚሁ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ አንዳንዴ ይደናቀፋል።

"ሶ፣ ነገ ፓርኩን ስኪፕ ብናደርግስ?" አለች። "ሃርበር ዎክ የሚባል አዲስ ቦታ ተከፍቷል። ሾፒንግ አለ፣ ብዙ ሬስቶራንት አለ፣ ጥላ አለ። እማማም በጣም ደክሞሻል… ደክሞዎታል ማለቴ።"

"ማን? እኔ?" አሉ ወይዘሮ ዓለምጌጥ።

"ጉልበትዎ…"

"ጉልበቴ ሲደክመው ራሱ ይንገረኝ። አንቺ አትንገሪኝ።"

ዮኒ ዐይኑን ከስልኩ ሳያነሣ፣ "እማዬ፣ ቆንጆ ቦታ ነው ይላሉ። እንደ ስሙ ወደብ አስመስለው ነው የሠሩት፤ ባሕር ዳር ያለሽ ነው የሚመስለው" አለ።

"ውሃ አለው?"

"ውሃ እንኳ የለውም። ማለቴ… ይመስላል።"

"ቲኬት አለን እኮ!" ብላ ጮኸች ዜማ።

ብዙ ተነታረኩ። በመጨረሻ ዮኒ ማስታረቂያ አመጣ፤ ጠዋት ሃርበር ዎክ ቁርስ፣ ከዚያ ከእኩለ ቀን ጀምሮ ፓርክ። ወይዘሮ ዓለምጌጥ እሺ አሉ፤ ሆዳቸው ግን እሺ አላለም። እርር ያደረጋቸው መቅረቱ ብቻ አልነበረም፤ የእሳቸው ጉልበት ሰበብ መሆኑ ነው። ሔለንን ያውቋታል። ትራስ ላይ የሚደረግ ሌላ ትራስ የምትገዛ፣ እሱን ደግሞ ማንም እንዳይደገፍበት የምትቆጣ ሴት ናት። ሱቅ አማራት እንጂ ለእኔ ጉልበት አዝና አይደለም፣ አሉ በልባቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሔለን ነጭ ሸሚዝ በጥንቃቄ ተኩሳ፣ ጥቁር ሱሪና ድፍን ጫማ አድርጋ ወጣች። እንቁላል ለመብላት እንደዚህ ሲለበስ አይተው አያውቁም ወይዘሮ ዓለምጌጥ። ከላይ እስከ ታች አዩዋትና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሃርበር ዎክ ከሀይዌዩ ዳር፣ አንድ ትልቅ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ጀርባ ነበር። መጀመሪያ የሚታየው ለመርከብ መንገድ የሚያመለክት ዓይነት ረጅም የመብራት ማማ ነው። ነጭና ቀይ ተቀብቷል። ከሥሩ መልሕቅ፣ ገመድ፣ ሲሚንቶ ውስጥ የተተከለች ጀልባ። ዮኒ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሲወርዱ ከቁጥቋጦ ሥር የባሕር ወፍ ድምፅ ሰሙ። ወይዘሮ ዓለምጌጥ ጎንበስ ብለው አዩ። ድንጋይ የሚመስል ስፒከር ነው።

"ዮኒ፣" አሉ ቀና ብለው፣ "እኔ ወደብ የሌለው አገር ሰው ነኝ። ወደብ አጥቼ ኖሬ አውቃለሁ። እንዲህ መጫወቻ ወደብ ሠርቶ የሚሸውደኝ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።"

"እማዬ፣ በቃ በይ እንጂ፤ ተዝናኚ።"

"በምኑ?"

እውነትም በምኑ እንደሚዝናኑ ፈለጉ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ሱቆች ተራ በተራ አለፉ። አንዱ ሳሙና እንደ ኬክ ቆራርጦ ይሸጣል። ቀጥሎ ያለው ኬክ ይሸጣል፤ ለውሻ ነው። አንዱ አዲስ ጣውላ ቧጥጦና አቃጥሎ፣ አሮጌ አስመስሎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጽሑፍ ይጽፍበታል። ዛፎቹ በትልልቅ ገንቦ የቆሙ፣ ጥላቸው አንድ ድመት እንኳ የማያስጠልል። ሰዉ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የተሳለመ ያህል ረጋ ብሎ፣ እየተገረመ ይንሸራሸራል። ዕረፍቱን፣ አንድ ቀን ሙሉ ዕረፍቱን፣ ሳሙና ለማየት የሚሰጥ ሕዝብ! ወይዘሮ ዓለምጌጥ የሚሠሩበት ኩሽና ውስጥ ለአንዲት ቀን ዕረፍት ሴቶች ይጣላሉ።

ቁርስ ቤቱ ስም መዝግቦ፣ ተራ ሲደርስ የሚንቀጠቀጥ የላስቲክ ነገር ሰጥቶ ውጭ አቆማቸው። ፀሐይዋ እየበረታች ሄደች። በመጨረሻ ሲቀመጡ አንድ ወጣት አስተናጋጅ ጠረጴዛቸው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ስሙን ነገራቸው፣ ውሏቸው እንዴት እንደሆነም ጠየቃቸው።

"ምን ሊነግረን ነው እንዲህ የተንበረከከው?" አሉ ወይዘሮ ዓለምጌጥ በአማርኛ። "ሰው ሞተ እንዴ?"

ዜማ በሳቅ ፈነዳች። ሔለን አልሳቀችም፤ በር በሩን ታያለች። አንድ ቁራሽ ዳቦ ላይ የተቀመጠ አንድ እንቁላል ሲመጣላት አንዴ ጎርሳ ተነሣች።

"ሬስትሩም ደርሼ መጣሁ።"

ሄደች፣ ቀረች። ሳህኖቹ ተነሱ፤ እሷ የለችም። ዜማ፣ "ፓርኩ! ሰልፉ!" እያለች እግሯን ታወዛውዛለች። ወይዘሮ ዓለምጌጥ ትዕግሥታቸው አለቀና፣ "ከሳሙናው ሱቅ ጎትቼ ላምጣት" ብለው ተነሡ።

ሳሙናው ሱቅ የለችም። የውሻው ኬክ ቤትም የለችም። ያገኟት ሻማ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው፤ በመስታወቱ አሻግረው አዩዋት። ልትገዛ አልነበረም። ወደ ኋላ ገባ ብሎ ከትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷን ገጥማ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ። ከፊቷ ጢሙን ያሳደገ ልጅ እግር ሰውዬ ወረቀት ያገላብጣል። ሔለን ትናገራለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ሰውዬው ቀና ሳይል ሲቀር ፈገግታዋን ሰብሰብ አድርጋ ትጠብቃለች።

ወይዘሮ ዓለምጌጥ ያንን አቀማመጥ ያውቁታል። አሜሪካ በገቡ በሦስተኛው ሳምንት እሳቸውም ሥራ ሊጠይቁ ገብተው እንዲያ ተቀምጠዋል። እንዳታያቸው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ተመለሱ።

ሔለን ስትመለስ፣ "ሶሪ፣ ሰልፍ ነበር" አለች።

"ዮኒ፣" አሉ ወይዘሮ ዓለምጌጥ፣ "ዜማን ይዘህ ያችን ሲሚንቶ የዋጣትን ጀልባ አሳያት።"

ዮኒ የእናቱን ፊት አየ፣ የሚስቱን አየ። ልጁን ይዞ ሄደ።

"ሻማ ቤት ውስጥ አይቼሻለሁ" አሉ ሁለቱ ሲቀሩ።

ሔለን ፊቷ ቀላ። "የምሠራበት ፕሌኖ ያለው ኦፊስ… እኛን በሙሉ ሌይኦፍ አደረጉን፤ ከሥራ አስወጡን" አለች። "ከሁለት ወር በላይ ሆነው።"

"ታዲያ ፎቅ ላይ በር ዘግተሽ የምትውዪው? ከቤት እየሠራሁ ነው ስትዪ?"

"አፕላይ እያደረግሁ ነበር። ማንም አልጠራኝም። እነዚህ ብቻ ጠሩኝ፤ ዛሬ ነይ አሉኝ። ዛሬ ደግሞ ቬኬሽን ሆነ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ዮኒ ብቻ ነው የሚያውቀው። እርስዎ በሁሉም ነገር ይስቃሉ እማማ። ትናንት ማታ፣ የሻማ ሱቅ ኢንተርቪው አለኝ ብልዎት ምን ይሉ ነበር?"

ወይዘሮ ዓለምጌጥ ሊዋሹ አሰቡ። አልሆነላቸውም።

"እስቅ ነበር" አሉ።

"አዩ?"

ከድንጋዩ ውስጥ ወፎቹ ይንጫጫሉ። ሔለን እንባዋን በናፕኪን ጠርጋ፣ ማናጀሩ እንደወደዳት፣ ነገር ግን የሱቁ ባለቤት ከሰዓት በኋላ መጥታ ልታያት እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። "እናንተ ፓርክ ሂዱ። እኔ ስጨርስ ኡበር ታክሲ ይዤ እመጣለሁ።"

ወይዘሮ ዓለምጌጥ በሀሳባቸው ባቡሩን አዩት። ሱፐርቫይዘሩ ሌላ ዕረፍት መቼ እንደሚሰጣቸው አይታወቅም። ይኼን ቀን ለዚህ ቦታ መስጠት? ለዚህ? ሌላ ቦታ ቢሆን ይሻላቸው ነበር፤ ሆስፒታል ቢሆን፣ ፍርድ ቤት ቢሆን። ግን ልጅቷ በዚያች በርጩማ ላይ ተመልሳ ልትቀመጥ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ደግሞ ብቻዋን በእነዚህ ሱቆች መሀል ልትዞር። የቡናቸውን ኩባያ ገፋ አደረጉት።

ዮኒና ዜማ ሲመለሱ፣ "እናንተ ሂዱ" አሉ። "እኔ ከሔለን ጋር እቀራለሁ።"

ዜማ አላመነችም። "ፕሮሚስ አድርገሽልኝ! ከፊት ወንበር አልሽ!"

"ብያለሁ። አጥፍቻለሁ፤ ተቆጪኝ። አባትሽ ከፊት ወንበር ይሳፈራል።"

ዮኒ ፊቱ ተለዋወጠ። ከልጅነቱ ጀምሮ መሰላል ላይ መውጣት እንኳ የማይችል ሰው ነው። "እማዬ፣ እኔ እኮ…"

"የእናትህን ጉልበት ሰበብ ያደረግህበት ዋጋ ነው። ሂድ።"

ዜማ አያቷን ሳትስም ሄደች። ወይዘሮ ዓለምጌጥ ከዐይን እስክትሰወር ጀርባዋን አዩና ወደ ሔለን ዞሩ።

"በይ ነይ። የሱቁ ባለቤት እኔ ነኝ እንበል። ይኼን ሻማ ሽጪልኝ።"

"የቱን?"

"ያንን በመስኮቱ የሚታየውን። ምን ምን ይላል?"

"እሱ… የዝናብ ሽታ ነው።"

"የማን ዝናብ? እዚህ ዝናብ ሲመጣ በረዶ አዝንቦ መኪና ይሰባብራል። እሱን ነው በሻማ የምገዛው?"

ሔለን ሳቋ አመለጣት። "እማማ፣ እንዲህ የምትል ካስተመር አትመጣም።"

"ከመጣችስ? መልሽላት!"

ከገንቦዎቹ ዛፎች ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተለማመዱ። ወይዘሮ ዓለምጌጥ አንዴ ቁጡ ባለቤት፣ አንዴ ንፉግ ደንበኛ ሆኑ። የሚያልፈውን ሁሉ አብረው ሰደቡት፤ ሻንጣ በሚያክል ጋሪ ተቀምጦ የሚገፋውን ውሻ፣ ከመብራቱ ማማ ሥር ቆመው ሞገድ የሚመታቸው እየመሰሉ ፎቶ የሚነሡትን ባልና ሚስት። ሔለን መጀመሪያ ፈራ ተባ አለች። ኋላ ላይ ግን የባሰችው እሷ ሆነች፤ ሱቆቹን በእንግሊዝኛ ስትገሸልጣቸው ወይዘሮ ዓለምጌጥ ግማሹን ባይሰሙትም ቃናው ደስ አላቸው። ይቺ ልጅ እንዲህ ያለ ምላስ እያላት ስንት ዓመት ዝም ብላ አብራቸው በላች!

ሰዓቱ ሲደርስ ኮሌታዋን አስተካክለውላት ላኳት። እሳቸው ሙቀቱ ውስጥ ተቀምጠው ቀሩ። አንዲት ልጅ በትሪ የተቆራረጠ ቸኮሌት ይዛ መጣች። ቀመሱ፤ ጨው አለው። ዐይኗን እያዩ በናፕኪን ጠቅልለው መለሱላት።

ሔለን ከሱቁ ስትወጣ ቀስ ብላ ነበር የምትራመደው። ወይዘሮ ዓለምጌጥ ብድግ አሉ።

"ረዳት ማናጀር" አለች። "ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ።"

ወይዘሮ ዓለምጌጥ ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት፣ እንደገናም ሳሟት። "እንኳን ደስ አለሽ የኔ ልጅ። እዚህ ግን ተመልሼ አልመጣም፤ እወቂው።"

"ዲስካውንት ይሰጡኛል እኮ።"

"ለጠላትሽ ስጪው።"

አመሻሹ ላይ ሆቴሉ መዋኛ ዳር አራቱም ተገናኙ። ዜማ አኩርፋ ልትቆይ አስባ ነበር፤ ወሬው ግን አላስቻላትም። አባቷ እንዴት እንደጮኸ፣ ሲወርድ እንዴት ግድግዳ ይዞ እንደሄደ፣ የተነሡትን ፎቶ ጭምር እያሳየች አወራች። ወይዘሮ ዓለምጌጥ ፎቶውን ረዘም ላለ ጊዜ ያዙት። ቀኑ፤ ቅናታቸውንም አልደበቁም።

"እናንተስ ምን ስታደርጉ ዋላችሁ?" አለች ዜማ።

"እማማ ተሳደቡ፣ እኔ ሳቅሁ" አለች ሔለን። ከዚያ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ስለ ፕሌኖውም ስለ ሻማ ቤቱም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። ዜማ ብዙ ጥያቄ ነበራት። ዮኒ መልስ በማገዝ ፋንታ ወንበሩ ላይ ተዘርሮ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።